የዱመርሶ ቡና እና የወረዳው ካዝና

ቡና ሲደርስ የዱመርሶ ገበሬ እሸቱን ለቅሞ ወደ መፈልፈያው ይወስዳል። ቡናው ታጥቦና ደርቆ በይርጋ ጨፌ ስም ባሕር ይሻገራል። ስሙን ዓለም ያውቀዋል። ከዚያ ሀብት ለቀበሌው መንገድና ለውኃው ቧንቧ የሚመለሰውን የሚወስነው ግን ማን ነው? ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም።

በገባር ሥርዓት ዘመን ጌዴኦ ግብሩን የሚያየው ከእጁ ሲወጣ ብቻ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ሹማምንቱን ደመወዝተኛ አደረገ፤ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ ሆነ። የሹሙ እጅ አጠረ፤ የካዝናው ቁልፍ ግን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ።

ከዚህ ወጣ ያለው የ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ነው። በመሬት ላይ ተጥሎ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተወሰነ፤ ገንዘቡንም የአካባቢ የትምህርት ቦርዶች እንዲከታተሉት ታዘዘ። ከፋዩ ብሩ የት እንደገባ በዓይኑ ማየት የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።

የመሬቱ ነገር ግን አልተፈታም። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሡ፤ ሚጭሌ ላይ በጦር መሣሪያ ኃይል ተመቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጣ። ለአውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው ገቢ ሊሰጥ ታሰበ። ባለርስቶች የበዙበት ፓርላማ ግን አላጸደቀውም። ዲላን ዋና ከተማው ያደረገው የያኔው የደራሳ አውራጃም እንደሌሎቹ ከላይ የሚሰጠውን ጠባቂ ሆኖ ቀረ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ጭሰኝነትን ሻረ። ገበሬው መሬቱን አገኘ፤ የመሬት መጠቀሚያውና የእርሻ ግብሩ ግን ያው ወደ ማዕከል ፈሰሰ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነገሩን በወረቀት ለወጠ። አንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 97 ከገበሬው የሚሰበሰበውን የእርሻ ገቢ ግብር ለክልል ሲሰጥ፣ አንቀጽ 96 የገቢና የወጪ ንግድ ቀረጥን ለፌዴራል ያደርጋል። ወረዳ በሁለቱም አንቀጾች ስሙ አልተጠራም። በ1994 ዓ.ም. ደቡብን ጨምሮ በአራት ክልሎች ጥቅል በጀት በቀጥታ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት ወረዳ የዞን ተላላኪ ነበርና። ይሁን እንጂ የጥቅል በጀቱ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ምክር ቤቱ «አጸደቀ» ቢባልም፣ መምህሩና የጤና ባለሙያው ከተከፈላቸው በኋላ የሚከራከርበት ገንዘብ ጥቂት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ጌዴኦ በሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ። ማኅተሙ ተቀየረ፤ የቀመሩ ጥያቄ ግን እዚያው አለ።

«ሁሉም የራሱን ይብላ» ማለት መፍትሔ አይደለም። ቡና የማያበቅል ቆላ ወረዳም ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል፤ ድጎማ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው፦ ወረዳው በሕግ የታወቀ የራሱ ድርሻ ቢኖረው፣ ነዋሪውም ያችን ድርሻ ቆጥሮ ተመራጩን ቢጠይቅበት። ጌዴኦ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በሶንጎ ተቀምጦ ጉዳዩን በአደባባይ ሲመክር የኖረ ሕዝብ ነው። ምክር ያለ ካዝና ከንቱ ድካም ይሆናል። ካዝናም ያለ ምክር ከተተወ ወደ ሹም ኪስ መሄዱን ይህች አገር ከአንድ ጊዜ በላይ አይታለች።