ወታደሩ ችሎት ሲቆም፦ የኮሎምበስ ልዩ ችሎትና የአእምሮ ሕክምና

በኦሃዮ ግዛት መዲና በኮሎምበስ የሚገኘው የፍራንክሊን ካውንቲ የማዘጋጃ ቤት ፍርድ ቤት በውትድርና ላይ ላሉና ላገለገሉ ተከሳሾች የተለየ ችሎት አለው። ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው ቀላል ወንጀሎችን ሲሆን፣ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 ቀናት የማይበልጥ እስራት ያስከትላሉ። የልዩ ችሎቱ መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ከጥፋቱ በስተጀርባ ያለው ሕመም ካልታከመ፣ አስሮ የተለቀቀው ሰው ተመልሶ እዚያው ይመጣል። ስለዚህ ፈቅዶ የገባ ተከሳሽ በየጊዜው ዳኛ ፊት እየቀረበ የሕክምና ክትትሉን ያስረዳል፤ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ መራቁም በምርመራ ይረጋገጣል። አጭር እስራትን ጨርሶ መውጣት ከዚህ ሊቀልል ይችላል።

አሠራሩ በሰፊው የታወቀው ዳኛ ሮበርት ራስል እ.አ.አ. በ2008 በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ በከፈቱት ችሎት ነው። ዳኛው በአደንዛዥ ዕፅና በአእምሮ ጤና ችሎቶቻቸው የሚቀርቡ የቀድሞ ወታደሮች መበራከታቸውን አስተውለው፣ ተከሳሹን ራሱ ወታደር ከነበረ በጎ ፈቃደኛ ጋር አገናኙት።

ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ መታወክ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ስም ያገኘው በ1980፣ ከቬትናም ጦርነት ማብቃት በኋላ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ ድንገተኛ ቁጣ ይታይበታል፤ ብዙዎች በመጠጥ ሊያስታግሡት ይሞክራሉ፤ ከዚያ ሰክሮ ማሽከርከርና የቤት ውስጥ ጠብ ሩቅ አይደሉም። ሆኖም አብዛኞቹ ታማሚዎች ወንጀል አይፈጽሙም። የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2011 እና 2012 የታሰሩትን የቀድሞ ወታደሮች 181,500 ገደማ፣ ማለትም ከጠቅላላው እስረኛ 8 በመቶ አድርጎ ገምቷል።

የኦሃዮ ሕግ ዳኛው ቅጣት ሲወስን የተከሳሹን የውትድርና አገልግሎትና ከዚያ የመነጨ ሕመም እንዲያመዛዝን ያዛል። ሕክምናው ግን በፌዴራሉ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል የሚገኝ ከሆነ፣ ከሠራዊቱ የተሰናበቱበት ሁኔታ ወሳኝ ነው፤ በክብር ያልተሰናበተ ሰው በሩ ሊዘጋበት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ወደ ፍርድ ቤቶችና እስር ቤቶች የሚልካቸው ባለሙያዎች አሉት፤ ከሕክምና ያገናኛሉ እንጂ ጠበቃ አይደሉም። በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ደግሞ የአካል ጉዳት ክፍያው ከ61ኛው ቀን ጀምሮ ይቀነሳል፤ ከተቀነሰው ለቤተሰቡ እንዲከፈል ማመልከት ይቻላል።

በስደት መጥተው የዘመቱ ሰዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በአሜሪካ ጦር ማገልገል ይችላል፤ ማገልገሉ ግን በራሱ ዜጋ አያደርገውም። በአንዳንድ ልዩ ችሎቶች ለመግባት ጥፋትን ማመን ግዴታ ነው። ሕክምናውን ሲፈጽም የአካባቢው ፍርድ ቤት ክሱን ቢሰርዝለትም፣ የእምነት ቃሉና የተጣለበት ግዴታ በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኛ ሊያሰኙትና ከአገር ሊያስወጡት ይችላሉ። ማዳኛው ወጥመድ ሆነ ማለት ነው።

ሆሴ ፓዲያ የሆንዱራስ ተወላጅና የቬትናም ዘማች ሲሆን፣ ከ40 ዓመታት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት አሜሪካ ኖሯል። በኬንታኪ ማሪዋና በማጓጓዝ ሲከሰስ፣ ረጅም ጊዜ ስለኖርክ አትሥጋ በሚል የጠበቃው ምክር ጥፋቱን አመነ፤ ከአገር የመባረር አደጋም ተደቀነበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጋቢት 2010 በሰጠው ውሳኔ፣ የወንጀል ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። በኦሃዮም ዳኛው የእምነት ቃል ከመቀበሉ በፊት ዜጋ ያልሆነውን ተከሳሽ እንዲያስጠነቅቅ ሕጉ ያዛል። ማስጠንቀቂያው ግን የጥቅል ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ መመርመር የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሥራ ነው፤ ጥፋትን ሳያምኑ ሕክምና የሚጀመርበት መንገድ እንዳለም መጠየቅ ያለበት ከፊርማ በፊት ነው።

ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ የቀድሞ ወታደር ወይም የተጨነቀ ቤተሰቡ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ይችላል።