ማንም ሳይነካው የሚጎዳ ጉልበት

አንድ ተጫዋች ጉልበቱን ይዞ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ከተመልካቹ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ማን መታው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሕግም ጥያቄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2068፣ በስፖርት ጨዋታ ላይ ሌላውን የጎዳ ሰው ተንኮል ካልፈጸመ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ በቀር ተጠያቂ እንደማይሆን ይደነግጋል። ሕጉ በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ጎጂና ተጎጂን ነው። ከጉልበት ጉዳቶች ሁሉ እጅግ የሚፈራው ግን ብዙውን ጊዜ ጎጂ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት በሚገናኙበት ቦታ፣ በጉልበት ውስጥ፣ ሁለት ጅማቶች እንደ መስቀል ተላልፈው ይገኛሉ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት ከልክ በላይ እንዳይዞር ይይዛል። ይህ ጅማት በአብዛኛው የሚበጠሰው ተጫዋቹ ከሩጫ ድንገት ሲቆም፣ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ዘሎ ሲያርፍ ነው። እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት አንስቶ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁሉ ነገር ያልቃል። በሴት ተጫዋቾች ላይ አደጋው ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ተጫዋች ወደ ውድድር ከመመለሱ በፊት ቢያንስ 9 ወር እንዲቆይ ይመከራል።

እንግዲህ ጉዳቱ ከራሱ ከተጫዋቹ አሯሯጥና አስተራረፍ የሚመነጭ ከሆነ እንቅስቃሴውን ቀድሞ በማየት አደጋውን ማወቅ አይቻልም ወይ? የእንቅስቃሴ ትንተና የሚባለው ዘርፍ ይህን ጥያቄም ይመረምራል። በሀብታም አገሮች በርካታ ካሜራዎችና የእግርን ግፊት የሚለካ ወለል ባለው ቤተ ሙከራ ይሠራል። ቀለል ያለው ዘዴ ግን ሁለት ካሜራና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሣጥን ብቻ ይበቃዋል። ተጫዋቹ ከሣጥኑ ላይ የቁመቱን ግማሽ ያህል ወደ ፊት ዘሎ ያርፋል፤ እንዳረፈም ወዲያውኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ይዘላል። አንዱ ካሜራ ከፊት፣ ሌላው ከጎን ይቀርጻል። ከዚያ ቪዲዮው በዝግታ እየታየ በ17 መመዘኛዎች ነጥብ ይሰጣል። ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ? ሳይታጠፉ እንደ ግንድ ደርቀው ያርፋሉ? ደረቱ ወደ ጎን ያዘነብላል? አንዱ እግር ከሌላው ቀድሞ መሬት ይነካል? የስሕተት ነጥቡ በበዛ ቁጥር አስተራረፉ የከፋ ነው ማለት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ማስረጃ መመዘን ግን ሙያዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 829 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን በዚህ ዘዴ መዝኖ ተከታተለ። 7ቱ ጅማታቸው ተበጠሰ። 5 እና ከዚያ በላይ የስሕተት ነጥብ እንደ አደጋ ምልክት ቢወሰድ ፈተናው ከ7ቱ 6ቱን ለይቷቸዋል። ይህ ብቻ ቢነገረን «ድንቅ ነው!» እንል ይሆናል። ነገር ግን ምንም ካልደረሰባቸው ተጫዋቾች መካከልም ከሲሶ በላይ የሚሆኑትን፣ ማለትም 300 ገደማ ልጆችን፣ «አደጋ አለባቸው» ብሏል። እንግዲህ ጣት ከተቀሰረባቸው 100 ልጆች የተጎዱት 2 ብቻ ናቸው። በዚህ ማስረጃ የሚፈርድ ዳኛ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኖርዌይ ከ700 በላይ ምርጥ ሴት የእጅና የእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ የወጣ ጥናትም ይህን መሰል የዝላይ ፈተና ማን እንደሚጎዳ ለመተንበይ ደካማ መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ ፈተናውን ታዳጊን ከቡድን ለመቀነሻ መጠቀም ግፍ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ልጁ የራሱን አስተራረፍ በዓይኑ አይቶ እንዲያርም ያግዛል። መከላከያውን ግን ለሁሉም መስጠት ነው የሚበጀው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የተባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም 15 ልምምዶች አሉት፤ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ከኳስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። ሩጫ፣ የሆድና የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቂያ፣ በትክክል የመዝለልና የማረፍ ልምምድ ናቸው። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጃገረዶች ላይ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። የፈረንጅ አገር ወሬ ነው እንዳንል፣ በናይጄሪያ ሌጎስ በ416 ወንድ ታዳጊዎች ላይ ተሞክሮ አጠቃላይ ጉዳትን 41 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

አሁን ወደ ሰቆጣ ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ለብዙዎቻችን የምትታወቀው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል የገባው በዚህች ከተማ ስም ነው። የቃል ኪዳኑ ፍሬ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ የቀነጨረን ልጅ መመለስ ከባድ ስለሆነ አስቀድሞ መከላከል።

የጉልበት ነገርም ከዚህ አይለይም። በአዲስ አበባ ጉልበቱ የተጎዳ የክለብ ተጫዋች የኤም አር አይ ምርመራና የአጥንት ሐኪም በቅርቡ ያገኛል። ከክለቡ ጋር የሥራ ውል ካለው ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዛል። በሰቆጣ፣ በድሃና ወይም በዝቋላ ለትምህርት ቤቱ የሚጫወት ተማሪ ግን አሠሪም የክለብ ሐኪምም የለውም። ጦርነቱ የዞኑን የጤና ተቋማት ክፉኛ ጎድቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የጅማት መበጠስ የጨዋታ ዘመን ማብቂያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዳገት ቁልቁለት በበዛበት አገር በእግሩ ትምህርት ቤት ለሚመላለስ፣ ቤተሰቡን በእርሻ ለሚያግዝ ልጅ ጉልበት መተዳደሪያ ነው።

የሚያስፈልገው ደግሞ ውድ አይደለም። ቪዲዮ በዝግታ የሚያሳይ ስልክ፣ አናጺ የሚሠራው ሣጥን፣ አንድ ቀን የሠለጠነ የስፖርት መምህር በቂ ጅምር ናቸው። «ጉልበትህን ወደ ውስጥ አታስገባ፤ ስታርፍ ታጠፍ» የሚለው ትእዛዝ በአማርኛም በኽምጣኛም ሊነገር ይችላል። የትምህርትና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች 20ውን ደቂቃ የልምምድ ግዴታ ቢያደርጉት የሚጠይቃቸው በጀት ሳይሆን ቁርጠኝነት ነው። ሕግ ጎጂ ለሌለው ጉዳት ካሣ የሚከፍል ሰው አያገኝም። ማንም ሳይነካው ለሚበጠስ ጅማት ያለን መድኅን አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ብቻ ነው።