ስልኩ ሦስቴ ጮኾ ሲዘጋ

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልካችን ሦስት ጊዜ ይጮህና ይዘጋል። አናነሳውም። የደወለችውም ልጅ እንድናነሳላት አትፈልግም። ከመካከላችን አንዷ ተነስታ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ገበጣ ትሄዳለች፤ ከማዶ ካሉት ስድስት ጉድጓዶች ሦስተኛውን ቆጥራ ጠጠሮቹን ታፍስና አንድ በአንድ ታድላለች። ከዚያ ሁላችንም ገበጣው ላይ አቀርቅረን መነታረክ እንጀምራለን። ስንስማማ ስልኩን አንስተን አምስቴ አስጩኸን እንዘጋለን። አምስተኛው ጉድጓድ ማለት ነው። የዕለቱ ጨዋታ በዚህ ያበቃል። ወጪ፦ ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን ጋዜጠኝነት ተምረን በአንድ ቀን ተመረቅን። ሦስታችን አዲስ አበባ ቀረን፤ አራተኛዋ ወደ ቤተሰቦቿ፣ አሶሳ በኩል ወዳለችው ገነተ ማርያም ተመለሰች። ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ እንደዋወል ነበር። ከዚያ ግን «ሥራ አገኘሽ?» «ገና ነው፤ እናንተስ?» «እኛም ገና ነን» ከማለት በቀር የሚወራ ጠፋ። (ወሬ ማምጣት ተምረን ወሬ አለቀብን ማለት ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው።) ሰው ከሰው የሚለያየው ተጣልቶ ብቻ አይደለም፤ የሚለው ሲያጣም ይለያያል። ገበጣው የመጣው ያኔ ነው።

ገበጣው ያለው ሸጎሌ ነው፤ አንዳችን እዚያ ነው የምትኖረው። ጓደኛችን ይህን ስትሰማ ሳቋን ለቀቀችው፦ «በእኛ ባላባት ስም ነዋ የምትኖሩት!» ልክ ናት። ሸጎሌ ስሙን ያገኘው በዚያ ሠፈር መኖሪያ ከነበራቸው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነው። ልጆች በረድፍ ቁጭ ብለው አንድ ቃል በየጆሮው እያንሾካሾኩ የሚያስተላልፉት ጨዋታ አለ አይደል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሌላ ቃል ሆኖ ይገኛል። «ሼህ ሆጀሌ» ብሎ የጀመረ ከተማ «ሸጎሌ» ብሎ ጨረሰው።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ ከሩቅ ሰው ጋር መጫወት በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1824 የለንደንና የኤድንብራ የቼዝ ክለቦች በፖስታ ገጠሙ፤ አምስት ጨዋታ ለመጨረስ እስከ 1828 ፈጀባቸው፣ ኤድንብራም አሸነፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሳንሱሮች በፖስታ የሚላክ የቼዝ እርምጃ የስለላ ኮድ ሊሆን ይችላል ብለው ይጠረጥሩ ነበር። በ1965 ቦቢ ፊሸር ሃቫና ለሚደረግ ውድድር እንዳይሄድ የአገሩ መንግሥት ሲከለክለው፣ ኒውዮርክ ቁጭ ብሎ እርምጃውን በቴሌታይፕ እየላከ ተወዳደረ። በ1970 ደግሞ ሶዩዝ 9 ላይ የነበሩት ሁለት የሶቪየት ጠፈርተኞች መሬት ላይ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር በሬዲዮ ቼዝ ተጫውተው አቻ ወጡ።

እኛስ? እኛም እኮ የራሳችን ቼዝ ነበረን፤ ሰንጠረዥ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ጨዋታውን አይቷል። እቴጌ ጣይቱም በሰንጠረዥ ችሎታቸው ስማቸው ይነሳል።

ታዲያ ሰንጠረዥን በደብዳቤ መጫወት ይቻል ነበር ወይ? ቁጭ ብለን ሞከርነው። አይቻልም! ምክንያቱ ወረራ የሚባለው መክፈቻው ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይነሱና እንደፈለጉ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ድንጋዮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ያኛውም ይህን አይቶ እንደገና ይለውጣል። ተራ በተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ድንጋይ ሲበላ ነው። እስቲ ይህን በፖስታ ላኩት! በሽምጥ የሚጋልብ መልእክተኛም አይችለውም። የባላጋራችሁን እጅና ዓይን ማየት አለባችሁ። ዙሪያውን የተቀመጠው ተመልካች ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይሳለቃል። አሸናፊውም ቢሆን በኃይለኛው ድንጋይ ከሚጨርስ በደካማው ቢጨርስ ይበልጥ ይደነቅለታል፤ አድናቆቱን የሚሰጠው ደግሞ ያው ዙሪያውን የተቀመጠው ነው። ሰንጠረዥ የአንድ ክፍል፣ የአንድ ምንጣፍ ጨዋታ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እነዚያ ግቢዎች ሲፈርሱ ጨዋታውም አብሮ መሞቱ አይገርመንም።

ሽቦው ግን ቀድሞ መጥቶ ነበር። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ግድም ከጣሊያን ሲመለሱ የመጀመሪያውን የስልክ መሣሪያ ይዘው መጡ። የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ደግሞ ከ1889 እስከ 1891 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተዘረጋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ፦ በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል የዘመቱትና አሶሳን ከምኒልክ መንግሥት ጋር የቀላቀሉት እኚሁ ራስ መኮንን ናቸው። ስልኩንም አሶሳንም ያመጡልን አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው፤ ሁለቱን ለማገናኘት ግን ስንትና ስንት ዓመት ፈጀ።

ከሽቦም ከፖስታም በፊት በአፍ ብቻ የሚሄድ ጨዋታ ነበረን። እንቆቅልሽ። ሁላችንም ስናድግ ተጫውተነዋል፤ ግን አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መልሱን ያላወቀ ሰው የሚቀጣው በገንዘብ ወይም በኩርኩም አይደለም፤ በአገር ነው። «አገር ስጠኝ» ይባላል። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ትላለህ። ተቀባዩ እሺ ካለ ጎንደር ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ነግሦም ይመለሳል። ካላሰኘው ሌላ ይጠይቃል። እሳት ዳር የተቀመጠ፣ ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ ልጅ አገሩን በሙሉ ሲሰጥና ሲቀበል ያመሻል። ለስልክ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አናውቅም። ወረራ የለው፣ ሰሌዳ የለው። ከጓደኛችን ጋር ስንጫወት የተሸነፍን ቀን በለጋስነት ፓሪስን ሰጠናት። አልተቀበለችም። «ፓሪስ ምን ሊያደርግልኝ? አራት ኪሎን ስጡኝ» አለች። ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ሰጠናት። (እኛ ስናሸንፍ አሶሳን ነው የምንጠይቃት፤ ያውም በማንጎ ወቅት።)

ወደ ገበጣ የገባነው ግን አንድ ምስጢር ስላገኘንለት ነው። በገበጣ አንድ እርምጃ ማለት አንድ ቁጥር ነው። ጉድጓዶቹን ከአንድ እስከ ስድስት ከሰየማችኋቸው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ፣ ምን እንደሚበላ ቁጥሩ ራሱ ይወስነዋል። እሷም ገነተ ማርያም አንድ ገበጣ አላት፤ እኛም ሸጎሌ አንድ አለን፤ ሁለቱ ሳይተያዩ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ይኖራሉ። ለዚህ ነው ሚስኮል የሚበቃው።

ይበቃል ብለን ነበር ማለቱ ይሻላል። የሚደውለው ሰው ጆሮ ላይ የሚሰማው ጥሪና የሚደወልለት ሰው ስልክ የሚጮኸው እኩል አይደለም። እሷ አራት ቆጥራ ስትዘጋ እኛ ጋ ሦስት የሆነበት ቀን አለ። ስለዚህ ወደ ቴክስት ዞርን፤ በቀን አንድ ቁጥር። አሁንም አሠራራችን ያው ነው፤ ሚስኮሉ ለናፍቆት ያህል አልፎ አልፎ ይደረጋል። ከቴክስት በኋላም ሌላ ጉድ መጣ። ሁለት ሳምንት ያህል ተጫውተን፣ እኛም እያሸነፍን ነው፣ እሷም እያሸነፈች ነው። በጣም ደስ የሚል ጊዜ ነበር። አንድ ቀን «4» ብላ ላከች፤ ሄደን ስናይ አራተኛው ጉድጓዷ ባዶ ነው። «ባዶ ነው እኮ የጠራሽው!» «ኧረ ሰባት ጠጠር አለበት!» አላመንናትም። ቆጠርን። ገበጣው በአሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ስለሆነ ድምሩ 48 መሆን አለበት፤ የእኛ 47 ሆኖ ተገኘ። የቤቱ ትንሽ ልጅ አንዷን ጠጠር ለብይ ወስዷት ኖሯል። በአንዲት ጠጠር ምክንያት ለሁለት ሳምንት የተለያየ ጨዋታ ስንጫወት ከርመናል፤ ማናችንም ሳንሸነፍ። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ ጋር የተበላውን ድምር ጭምር እንላላካለን።

ቀጥሎ የሕግ ጠብ መጣ፤ ይህኛው ግን ቀላል አልነበረም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ጨዋታው አሮጌ ነው፤ የሃና መጠራ ላይ በድንጋይ የተፈለፈሉ መደዳ ጉድጓዶች አሉ፤ ዕድሜያቸውን ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚገምቱ አሉ። ያን ያህል ዘመን በየወንዙ ማዶ ሲጫወቱት ሕጉ ቢለያይ አይደንቅም። በእኛ ሕግ የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ስታርፍ ተራህ ያልቃል። በእነሱ ሕግ ግን ያንኑ አፍሰህ ማደል ትቀጥላለህ። ሁለት ቀን ተሟገትን። በመጨረሻ «ከማን ተማርሽው?» አልናት። «ከአባቴ»። «አባትሽስ?» ስልኩን ሰጠቻቸው።

ጋሼ የወሎ ሰው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ያኔ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ አውሮፕላን እየጫነ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከሰፈራ ጣቢያዎቹ አንዱ አሶሳ ነበር። በጥድፊያው ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል። ጋሼም ከእናታቸው ጋር ሲመጡ ታላቅ ወንድማቸው ወሎ ቀሩ።

ጋሼ የነገሩን ስለ ረሃቡ አይደለም። እኛም አልጠየቅናቸውም። የነገሩን ስለ ገበጣ ነው። አዲሱ መንደር በደረሱ በሳምንቱ ልጆቹ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አሥራ ሁለት። መጫወት ሲጀምሩ ግን ሊግባቡ አልቻሉም፤ ሁሉም ከወሎ ነው፣ ሁሉም ግን ከየወረዳው ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሕግ ይዞ መጥቷል። ተደባደቡ። ከዚያ ከአንዱ ይቺን፣ ከሌላው ያቺን ወስደው አንድ ሕግ አወጡ። «ዛሬ በሰፈራችን የምንጫወተው እሱን ነው» አሉን። የወሎም አይደለ፣ የአሶሳም አይደለ፤ አሥር ዓመት ባልሞላቸውና በሞላቸው ልጆች የወጣ የሰፈራ ሕግ ነው።

ወንድማቸውን በደብዳቤ ነበር የሚያገኟቸው፤ ደብዳቤውም መንገደኛ ሲገኝ ነው። ድምፃቸውን የሰሙት በ2000 ዓ.ም. ግድም፣ ሞባይል አካባቢያቸው ሲደርስ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ። ምን ተባባላችሁ አልናቸው። አልቅሰው፣ የሞተውን ቆጥረው ሲያበቁ ወንድማቸው «ገበጣ ትጫወታለህ?» አሏቸው። ጋሼም አዎ ብለው አጨዋወታቸውን ሲነግሯቸው፣ «እሱማ ገበጣ አይደለም» ብለው ተቆጡ። ካርዱ ያለቀው በዚህ ክርክር ላይ ነው።

የሩቅ ጨዋታ አስቸጋሪው ነገር ታዲያ መሸነፉ አይደለም፤ መሸነፍ ደህና ነው። አስቸጋሪው ሌላኛው ወገን ዝም ሲል ነው፤ እያሰበ ይሁን፣ ተኮርፎ ይሁን፣ ወይ ሽቦው ተቆርጦ ይሁን አታውቅም። በዚህች አገር ደግሞ ሦስተኛው ሁሌም አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍባቸው የወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ጠፍቶ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ሁለት ዓመት ገደማ ዝም አለች። በእነዚያ ጊዜያት በስንት ቤት ስንት ጨዋታ ተራ እየጠበቀ እንደቆመ ስናስበው፣ የእኛ ችግር ችግር አይባልም።

የሆነ ሆኖ እኛም ቀምሰናታል። ባለፈው ጊዜ «2» ብለን ልከን መልስ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን። ስልኳ አይሠራም። ገበጣውን በላስቲክ ሸፍነን አስቀመጥነው። የቤቱ እናት መደርደሪያውን ለሰሃን ፈልገውት «ይሄን ነገር አታነሱትም?» ሲሉን «ተራው የእሷ ነው እማማ» እያልን ለመንናቸው። ትንሹንም ልጅ በብይ ጉቦ ሰጥተን አስማማነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከማናውቀው ቁጥር ቴክስት ገባ፦ «4። እሷ ለሥራ ፈተና አሶሳ ከተማ ከርማለች፤ ስልኳም ተበላሽቷል። እስክትመለስ እኔ ነኝ። አባቷ»።

አራተኛውን አፍሰን አደልን። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ አረፈች። በእኛ ሕግ ከሆነ ተራው እዚያ ላይ ያልቃል። ተያየን። «ጋሼ፣ በየትኛው ሕግ ነው?» ብለን ላክን።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አፍሳችሁ ቀጥሉ»።