ቀይ አፈር በግድግዳ ላይ

ሰው ቤቱን ከሠራ በኋላ ግድግዳውን ራቁቱን ሊተወው አይወድም። ጭቃው ሲደርቅ ይለስነዋል፤ ከለሰነውም በኋላ ቀለም ይፈልግለታል። የሰው እጅ አስቀድሞ ካገኛቸው ቀለሞች አንዱ፣ ረዥም ዘመንም የኖረው፣ ጥቍረት ያለበት፣ የሸክላ መልክ የሚመስል ቀይ ነው። ይህ ቀለም በቤት ውስጥ ሲቀባ ለዓይን ሙቀት ይሰጣል፤ የመብራትን ብርሃን ያለዝባል፤ ጢስና ጥላሸትም ቶሎ አያጐድፈውም። ስለዚህ በነገሥታት አዳራሽም በድኃ ጎጆም ተገኝቷል።

ነገር ግን ቀይ ቀለም ኹሉ አንድ አይደለም። በጥንት ዘመን የቤት ግድግዳ የሚቀባበት ቀይ በተለይ ከኹለት ወገን ይመጣ ነበር። አንደኛው ከአፈር ነው፤ ይኸውም በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ያቀላው አፈር ሲኾን በየገደሉና በየወንዙ አፋፍ ይገኛል። ኹለተኛው ባዜቃ ከሚወጣበት ደንጊያ የሚፈጭ ነው፤ ይህም ሲናባር ይባላል፤ መልኩ እንደ እሳት የሚያበራ፣ ዋጋው ግን ባለጠጋ ብቻ የሚችለው ነበር። የቀይ ግድግዳ ታሪክ የነዚህ የኹለቱ ክርክር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በክርክሩም መጨረሻ የረታው የተናቀው አፈር ነው።

የአፈሩ ነገር እጅግ ጥንታዊ ነው። ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ በኮንያ ሜዳ ላይ፣ ቻታልሁዩክ የተባለ የጥንት መንደር ፍርስራሽ አለ። በዚህ መንደር ከክርስቶስ ልደት በፊት 7000 ዓመት ግድም ሰዎች ይኖሩ ነበር። ቤቶቹ በጭቃ ጡብ የተሠሩ፣ መግቢያቸውም በጣራው በኩል ነበረ። ነዋሪዎቹ የውስጡን ግድግዳ በነጭ አፈር ደጋግመው እየለሰኑ በላዩ በቀይ አፈር ይቀቡትና ሥዕል ይሥሉበት ነበር። ሙታናቸውንም ከቤታቸው ወለል በታች ሲቀብሩ አንዳንዱን ሬሳ በዚሁ ቀይ አፈር ቀብተውታል። እንግዲህ ለሕያዋን ጌጥ የኾነው አፈር ለሙታንም እንደ መገነዣ ኾኖ ነበር።

ስለ ቀይ አፈር በሰፊው ጽፈው ካቈዩልን መካከል የግሪክ ሊቃውንት ይገኛሉ፤ እነርሱ ሚልቶስ ይሉታል። የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ስለ ደንጊያዎች በጻፈው መጽሐፍ አንድ መልካም ነገር ይተርካል። አንድ የእንግዳ ማደሪያ ቤት በእሳት በተቃጠለ ጊዜ፣ በውስጡ የነበረው ብጫ አፈር በግማሽ ተቃጥሎ ቀልቶ ተገኘ። ኪዲያስ የሚባል ሰው ይህን አይቶ ብልሃቱን አገኘ ይባላል። ከዚያም ወዲህ ሠራተኞች ብጫውን አፈር በአዲስ ሸክላ ውስጥ እየጨመሩ፣ አፉን በጭቃ እየመረጉ፣ በምድጃ ሲያቃጥሉት ይቀላ ጀመር፤ እሳቱም በበረታ መጠን መልኩ ወደ ጥቍረት ያዘነብላል። የዛሬ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲገልጹ፣ ብጫው አፈር ከብረቱ ጋራ የተዋሐደ ውሃ አለበት፤ እሳት ውሃውን ሲያስለቅቀው ወደ ቀይነት ይለወጣል ይላሉ።

አፈሩ በንግድም የታወቀ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኬዎስ ደሴት ከተሞች ቀይ አፈራቸው ከአቴና በቀር ወደ ሌላ አገር እንዳይወጣ ከአቴና ሰዎች ጋራ ተዋውለዋል፤ ውሉም በደንጊያ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይገኛል። ከኹሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ግን በቀጰዶቅያ የሚቈፈረው አፈር ነው። የምድርን ነገር የጻፈው ስትራቦን እንደሚለው፣ ነጋዴዎች ይህን አፈር በጥቍር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ሲኖጴ ወደብ ያወርዱት ስለ ነበር ሲኖጲስ ተባለ። አፈሩ የተወለደበትን አገር ስም ትቶ የተሸጠበትን ገበያ ስም ወረሰ።

በቀይ ቀለም ስለተቀባ ቤት የተነገረ ታላቅ ፍርድ በትንቢተ ኤርምያስ በ22ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ609 እስከ 598 ዓመት በይሁዳ የነገሠው ኢዮአቄም ሰፊ ቤት አሠራ፤ መስኮት አወጣለት፤ በዝግባ አስጌጠው፤ ቀይም ቀባው። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ቀለሙን ሻሻር ይለዋል፤ ወደ ግሪክ የመለሱት ሰብዓ ሊቃናት ግን ሚልቶስ ብለው ተርጕመውታል፤ ይኸውም ቀይ አፈር ማለት ነው። ነቢዩ በዚህ ቤት ላይ ወዮታ አሰማ፤ ንጉሡም እንደ አህያ ተጐትቶ ከከተማው በር ውጭ እንዲጣል ተነበየ። አባቱ ኢዮስያስም መብልና መጠጥ እንዳልተከለከለ፣ ነገር ግን ፍርድንና ጽድቅን ያደርግ እንደ ነበር አስታወሰው። ነገሩን ያስተዋለ ሰው ነቢዩ ቀለሙን ስለ ቀለምነቱ እንዳልነቀፈው ያያል። የነቀፈው ንጉሡ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ማሠራቱን ነው። ስለዚህ ቀይ ግድግዳ በታየ ጊዜ መጠየቅ የሚገባው፣ መልኩ ያማረ እንደ ኾነ ብቻ ሳይኾን፣ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ኾነ ነው።

ይህ ጥያቄ በሮም አገር ይበልጥ ይገለጣል። የሮም ባለጠጎች ከአፈሩ ይልቅ ሲናባርን ወደዱ። ሊቁ ፕሊኒዮስ እንደ ጻፈው፣ ደንጊያው በእስጳንያ ሲሳጶ ከሚባል ቦታ ተቈፍሮ፣ ሳይጣራ በማኅተም ታሽጎ፣ በየዓመቱ 2000 ሊብራ ያህል ወደ ሮም ይላክ ነበር። ከልክ እንዳያልፍም ዋጋው በሕግ ተወስኖ ለአንድ ሊብራ 70 ሴስተርስ ኾነ። በዚያው ዘመን ከአፍሪቃ የሚመጣው ቀይ አፈር አንዱ ሊብራ 8 አስ ነበር፤ 4 አስ አንድ ሴስተርስ ስለ ኾነ፣ 2 ሴስተርስ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ሊብራ ሲናባር ዋጋ 35 ሊብራ አፈር ይገዛ ነበር።

ዋጋው እንዲህ ስለ ከበረ ተንኰል ተከተለው። ሲናባርን የመሰለ ውድ ቀለም የሚያቀርበው ሠዓሊው ሳይኾን የቤቱ ጌታ ነበር። ሠዓሊውም ቀለም የሞላውን ብሩሽ ቶሎ ቶሎ በውሃ ያጥበዋል፤ ሲናባር ከባድ ስለ ኾነ በዕቃው ሥር ይዘቅጣል፤ ማታ ውሃውን ደፍቶ ቀለሙን ይወስደዋል። ነጋዴውም በበኩሉ ሌላ ነገር ይቀላቅልበታል። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪዮስ መፈተኛውን ሲያስተምር፣ ቀለሙ በብረት ላይ ተደርጎ ይጋል፤ ከጠቈረ በኋላ ሲበርድ ወደ መልኩ ከተመለሰ ንጹሕ ነው፤ እንደ ጠቈረ ከቀረ ግን የተቀላቀለ ነው ይላል።

ከዚህ ኹሉ የሚከፋው የሠራተኛው ዕዳ ነው። የባዜቃ ደንጊያ ትቢያው መርዝ ነው። ፕሊኒዮስ እንደሚነግረን፣ ይህን ቀለም በየመሥሪያ ቤቱ የሚያዘጋጁት ሰዎች ገዳዩን ትቢያ እንዳይተነፍሱት ፊታቸውን በስስ የከብት ፊኛ ይሸፍኑ ነበር። የጌታው አዳራሽ በቀይ ሲያበራ፣ ዋጋው በገንዘብ ብቻ ሳይኾን በሰው እስትንፋስም ይከፈል ነበር ማለት ነው።

ይህን ያህል የተደከመበት ቀለም ግን በግድግዳ ላይ አልጸናም። ፋቤሪዮስ የሚባል ጸሐፊ በሮም በአቬንቲኖ ኰረብታ ባለው ቤቱ፣ በዓምድ የተከበበውን የውስጥ ግቢ ግድግዳውን ኹሉ በሲናባር አስቀባ። ከ30 ቀን በኋላ ቀለሙ ጠቋቍሮ መልኩ ተበላሸ፤ ጌታውም እንደ ገና ተዋውሎ በሌላ ቀለም ለማስቀባት ተገደደ። ይህን የጻፈው ቪትሩቪዮስ ነው፤ ምክንያቱም የፀሓይና የጨረቃ ብርሃን እንደ ኾነ ይናገራል። የዛሬ ምርምርም ብርሃንና በአየር ውስጥ ያለ ጨው ሲናባርን እንደሚያጠቍሩት አረጋግጧል። ለዚህ የተሰጠው መድኃኒት ሰም ነበር፤ ነጭ ሰም ከጥቂት ዘይት ጋራ ቀልጦ በደረቀው ግድግዳ ላይ ይቀባል፤ በከሰል ፍም እስኪያልበው ይሞቃል፤ ከዚያም በሻማና በንጹሕ በፍታ ይወለወላል። አፈሩ ግን ይህን የመሰለ ሞግዚት አላስፈለገውም። አስቀድሞ የዛገ ነገር ስለ ኾነ ዳግመኛ የሚዝግበት የለውም፤ ኖራም አይለውጠውም፤ ብርሃንም አያጠቍረውም።

የኹለቱ ቀለሞች ፈተና በፖምፔይ ከተማ ታየ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ79 ዓመት የቬሱቭዮስ ተራራ ፈንድቶ ከተማውን በዐመድ ቀበረው፤ ያው ሊቅ ፕሊኒዮስም በዚያ ጥፋት ሞተ። ቍፋሮ በ1748 ሲጀመር ከጊዜ በኋላ የወጡት ቤቶች ግድግዳቸው በቀይ የበለጸገ ኾኖ ተገኘ። የአሠራሩ ጥበብ እንዲህ ነው፤ ግድግዳው በኖራና በአሸዋ፣ በላዩም በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ይለሰናል፤ የመጨረሻው ልስን ሳይደርቅ ቀለሙ በውሃ ተበጥብጦ ይቀባል፤ ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን እንደ ደንጊያ ይዞ ያስቀረዋል። ከነዚህ ግድግዳዎች ብዙዎቹ በአፈር የተቀቡ ናቸው፤ በ1909 የተገኘው የምሥጢራት ቤት የሚባለው አዳራሽ ግን በሲናባር ያጌጠ ነው። በቬሱቭዮስ አካባቢ ከሺ ሰባት መቶ ዓመት በላይ በጨለማ ተቀብሮ መልኩን የጠበቀው ሲናባር፣ ወደ ብርሃን ከወጣ በኋላ በየስፍራው መጥቈር ጀመረ፤ የአፈሩ ቀይ ግን እንደ ነበረ ነው። የኪዲያስም ነገር በዚያ ተደገመ፤ በ2011 የኢጣሊያ ተመራማሪዎች እንደ ገለጹት፣ ዛሬ ቀይ ኾነው ከሚታዩት ግድግዳዎች አንዳንዶቹ ቀድሞ ብጫ ነበሩ፤ ያቀላቸው የእሳተ ገሞራው ትኵስ ጋዝ ነው።

የፖምፔይ ቀይ ከተገለጠ በኋላ የአውሮፓ መኳንንት ይህን መልክ በየአዳራሻቸው አስቀቡ። የባቫርያ ንጉሥ ቀዳማዊ ሉድቪግ ከ1840 እስከ 1848 ባሉት ዓመታት በአሻፈንቡርግ ከተማ የፖምፔይን ቤት አስመስሎ አንድ ቤት እስከ ማሠራት ደርሷል። የኢጣሊያ ሠዓሊዎችም አስቀድመው የሲኖጴን ስም አልረሱትም ነበር፤ በግድግዳ ላይ ከሥዕሉ በታች በቀይ አፈር የሚነድፉትን ንድፍ ሲኖፒያ ይሉታል። በፒዛ ከተማ በሐምሌ 1944 በጦርነት ምክንያት ካምፖሳንቶ የተባለው የመቃብር ሕንፃ በተቃጠለ ጊዜ፣ የተጐዱት ሥዕሎች ከግድግዳው ሲላቀቁ ከበታቻቸው የጥንቱ የቀይ አፈር ንድፍ ተገኘ። የላይኛው ጌጥ ሲጠፋ የታችኛው አፈር ምስክር ኾኖ ቀረ።

በኢትዮጵያ ቀይ አፈርን ከባሕር ማዶ ማምጣት አላስፈለገም፤ ከደጅ ይዛቃልና። ባላገሪቱ ሴት ጭቃ ቤቷን በእበት ከለቀለቀች በኋላ ለበዓል ቀን በቀይ ወይም በነጭ አፈር ታስጌጠዋለች። ይህ ልማድ በክብር ከተያዘባቸው ስፍራዎች አንዱ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረር ከተማ ነው። የሐረሪ ቤት ታላቁ ክፍል ደረጃ በደረጃ ከፍ ከፍ ያሉ ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉት፤ ሰው ኹሉ እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕርጉ የሚቀመጥበት የታወቀ ነው። ግድግዳው ነጭ ኾኖ ስፌትና ልዩ ልዩ ዕቃ ይሰቀልበታል፤ ወለሉና የመደቦቹ ግንባር ግን ቀይ ነው። በታኅሣሥ ወር 1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ተዋግተው ድሉ የምኒልክ ኾነ። ቀዩ ቀለም በዚያ ጦርነት የወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ እንደ ኾነ በሐረር ይነገራል። ንጉሡ ኢዮአቄም የደከሙለትን ሰዎች ለመርሳት ቤቱን ቀይ ቀባ፤ ሐረሬው ግን የሞቱለትን ሰዎች እንዳይረሳ ወለሉን ቀይ ቀባ። ቀለሙ አንድ ነው፤ ሐሳቡ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በዕብራይስጥ ቋንቋ አዳም የሚለው ስም፣ አዳማ የተባለው መሬትና አዶም የተባለው ቀይ በአንድ ዓይነት ሥረ ፊደል ይጻፋሉ፤ ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪዮስ ዮሴፍም የመጀመሪያው ሰው ከቀይ አፈር ስለ ተሠራ በዚህ ስም ተጠራ ብሏል። እንግዲህ በግድግዳው ላይ ሰሙ ቀለም ቢኾን ወርቁ ሰው ነው። በሰው እስትንፋስ የተገዛው ቀይ በ30 ቀን ጠቈረ፤ እግር የሚረግጠው ቀይ ግን ዘመናትን ተሻገረ። ዛሬም ቤቱን ቀይ ለማስቀባት የሚወድ ሰው ቀለሙን ከመምረጡ በፊት የቀቢውን ዋጋ ያሰናዳ፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ሲያምር በላዩ የሚጮኽ ዕዳ አይኖርበትም።