የዘረ መል ቋንቋ የመጀመሪያው ቃል እንዴት ተነበበ?

ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ይፋ ካደረጉ በኋላ አንድ ዐቢይ ጥያቄ ምላሽ ሳያገኝ ቆየ። በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ መመሪያ ከሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች የሚገነባውን ፕሮቲን እንዴት ሊያዝ ይችላል? የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋሞቭን የመሳሰሉ ምሁራን ምስጢሩን በስሌት ለመፍታት ቢጥሩም አልተሳካላቸውም። መልሱ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ነበር።

በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት ተመራማሪ የነበረው ማርሻል ኒረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1961 የ34 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ በሙያው ዓለም እምብዛም አይታወቅም ነበር። እርሱና ጀርመናዊው ባልደረባው ሃይንሪክ ማቴይ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያን ህዋሳት ሰባብረው፣ ፕሮቲን የመሥራት ችሎታውን ያላጣ ፈሳሽ አዘጋጁ። በዚህ ውስጥ “ዩ” የተባለው ፊደል ብቻ የሚደጋገምበት ሰው ሠራሽ አር.ኤን.ኤ. ጨመሩ። አሚኖ አሲዶቹንም በጨረራ አመንጪ ምልክት እየለዩ ሲፈትሹ፣ በተሠራው ሰንሰለት ውስጥ የተገኘው ፌኒልአላኒን ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ቃል ተነበበ።

ኒረንበርግ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሞስኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የባዮኬሚስትሪ ጉባኤ ግኝቱን ሲያቀርብ ያዳመጡት ጥቂቶች ነበሩ። ክሪክ ግን ነገሩን እንደሰማ በታላቁ አዳራሽ እንዲደገም አደረገ። ወዲያውም የ1959 የኖቤል ተሸላሚ ሴቬሮ ኦቾዋ ከነቤተ ሙከራው ወደ ውድድሩ ገባ። የኒረንበርግ የሥራ ባልደረቦች በበኩላቸው የራሳቸውን ምርምር ወደ ጎን ትተው ረዱት።

እ.ኤ.አ. በ1966 ባለ ሦስት ፊደል የሆኑት 64 ቃላት ተለይተው ታወቁ፤ 61ዱ አሚኖ አሲዶችን ሲያመለክቱ፣ ሦስቱ ደግሞ የፕሮቲኑ ግንባታ እንዲያበቃ ያዛሉ። በ1968 ኒረንበርግ፣ ኮራናና ሆሊ የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። የመጀመሪያውን ሙከራ በእጁ የሠራው ማቴይ ግን ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበረም።

የዚህ ግኝት ፋይዳ በሐኪሙ የዕለት ተዕለት ሥራ ይታያል። በሲክል ሴል ሕመም የአንዲት ፊደል መለወጥ ግሉታሚክ አሲድን በቫሊን ይተካል። ቴትራሳይክሊንና ኤሪትሮማይሲን የባክቴሪያውን ራይቦዞም በማወክ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዱታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቅም ላይ መዋል የጀመሩት የኮቪድ-19 የአር.ኤን.ኤ. ክትባቶችም የሚሠሩት፣ ራይቦዞም ከውጭ የመጣለትን መልእክት አንብቦ ፕሮቲን ስለሚገነባ ነው፤ ኒረንበርግና ማቴይ በ1961 ያረጋገጡትም ይህንኑ ነበር።