ከጦር ሜዳ ወደ በዓል ሜዳ
ስለ ፈረስ ጉግስ ታሪክ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት በአገራችን ሰው አፍ ከኖረ ብዙ ዘመን ነው። ምሥጢሩም ድል የሚገኘው በሰው ልብ እንጂ በከብት ጉልበት አለመሆኑን ለማስረዳት ነው። ዳሩ ግን ፈረስ ጌታውን የሚያደርሰው ወደ ጦርነት ብቻ አይደለም፤ ወደ ጨዋታና ወደ ደስታም ያደርሰዋል። እንዲያውም የጦርነቱ አገልግሎት ካበቃ በኋላ ፈረስንና ሰውን አስተሳስሮ ያቆየው ጨዋታው ነው። ይህንንም ለመረዳት የጉግስን ታሪክ ባጭሩ እንመልከት።

በቀድሞው ዘመን መኳንንቱና የጦር አበጋዞቹ ከክርስትና ስማቸውና ከማዕርጋቸው በቀር በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው ስለዚህ ነው። ይህ ልማድ በኦሮሞም ዘንድ ሥሩ የጠለቀ ስለ ሆነ፥ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር በታሪክ የታወቁት በዚሁ ዐይነት ስም ነው። ወታደሩ በፉከራው፥ አዝማሪውም በውዳሴው የሚያነሣው ይህንኑ ስም ነበር።

ጌታው ሩቅ መንገድ ሲሄድ የሚቀመጠው በበቅሎ ላይ ነው። ፈረሱ ግን ለውጊያው ሰዓት ኀይሉ እንዲቆጠብለት ባዶውን እየተሳበ ይከተላል። እንግዲህ ለዚያች ሰዓት ፈረሱም ሰውየውም አስቀድመው መሠልጠን ነበረባቸው። በኮርቻ ላይ ሆኖ ጦር መወርወር፥ በጋሻ መመከት፥ በግልቢያ መካከል ፈረስን ማዞር ከልጅነት ጀምሮ የሚለመድ ጥበብ ነው። በዚያ ዘመን ለዚህ የተሠራ የጦር ትምህርት ቤት ስላልነበረ፥ ትምህርት ቤቱ የበዓል ሜዳ ነበር፤ የትምህርቱም ስም ጉግስ ነው።

የጉግስ ሥርዐት እንዲህ ነው። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ከአንዱ ወገን ወጥተው ሲሸሹ፥ ከሌላው ወገን ተነሥተው ያባርሯቸዋል። አባራሪው የሚይዘው ብረት የሌለበት ዘንግ ነው፤ ሸሺው የሚይዘው ከቆዳ የተሠራ ጋሻ ነው። አባራሪው እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺውም በፈረሱ አንገት ላይ ጎንበስ ብሎ ወይም ወደ ጎን ተዘንብሎ ያሳልፈዋል፤ ይህ ባይሆንለት ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክተዋል። ከዚያም ተራው ይለወጥና ያባረረው ይሸሻል፥ የሸሸውም ያባርራል።

በዚህ ጨዋታ መሸሽ ነውር አይደለም። እንዲያውም ሸሺው ፊቱን ወደ ፊት፥ ጆሮውንና ሐሳቡን ወደ ኋላ አድርጎ ስለሚጋልብ፥ ከማባረር ይልቅ ብልኀት የሚጠይቀው መሸሽ ነው። ዘንጉም ብረት ባይኖረው ሰውን ሊያቈስል ይችላል። ቢሆንም ቅሉ አሁን የመታ ሰው ጥቂት ቈይቶ እርሱም ጀርባውን ሰጥቶ መሸሹ ስለማይቀር፥ ቂም በሜዳው ላይ ሥር ሊሰድ አይችልም። ከዚህ ጨዋታ የሚገኝ ደመወዝ የለም፤ ዋጋው የተመልካች እልልታና የፈረሱ ስም በሰው አፍ መጠራቱ ነው።

ጉግስ የሚታየው ይልቁንም በገና፥ በጥምቀትና በመስቀል በዓል ነው። ሕዝቡ ፈረስንና በዓልን ምን ያህል አንድ አድርጎ እንዳየ ለማወቅ የፈለገ ሰው የጥንቱን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ይመልከት። ሠዓሊው ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ላይ ሲሥል የሚያለብሰው ያገራችንን የፈረስ ዕቃ ነው፤ በብዙ ሥዕልም የቅዱሱ እግር ባዶ ሆኖ እርካቡን በአውራ ጣቱ ብቻ ይዞ ይታያል። የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ይጋልብ የነበረው እንደዚሁ በባዶ እግሩ፥ አውራ ጣቱን በጠባቧ እርካብ አግብቶ ነውና፥ ሠዓሊው የሣለው በሜዳው ላይ ያየውን ነው።

በበዓል ሜዳ የተለመደው ጥበብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተፈተነ። የጠላት ጦር ተፈትቶ ወደ ኋላ ሲመለስ፥ ይልቁንም የኦሮሞ ፈረሰኞች እግር በእግር ተከትለው አሳደዱት። ጨዋታው እውነት ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በ1928 ዓ.ም.፥ ያው ጠላት በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ከሰማይ ለሚወርደው እሳት ጋሻ አልተገኘለትም። ፈረስ ከዚያም በኋላ አርበኞችን አገለገለ፤ ሆኖም የጦር ንጉሥ የነበረበት ዘመን አለፈ።

እንግዲህ ጥቅሙ ያለፈበት ጥበብ ይረሳል ብሎ ማሰብ ይቻል ነበር። ይህ እንዳልሆነ የሚመሰክሩ በጎጃም የአዊ ሰዎች ናቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተበትን ዘመን ከ1932 ዓ.ም. ይቈጥራል። ሰባቱ ቤት የሚባሉትም አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ቻራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም ናቸው። ዓላማው በዓድዋና በኋለኛው ወረራ ጊዜ የተጋደሉትን ፈረሰኞች፥ ከነርሱም ጋራ ፈረሶቹን ማሰብ ነው። አባላቱ ዛሬ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሲሆኑ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ በእንጅባራ ተሰብስበው ይጋልባሉ፤ ጉግስም ይጫወታሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሰኘው የፈረሰኛው ማንነት ነው። ይህ ሰው ያለፈው ዘመን መኰንን አይደለም፤ በደመወዝ የተቀጠረ ጋላቢም አይደለም፤ ገበሬ ነው። በዚያ ደጋ አገር ፈረስ ይጫናል፥ ለእርሻም ይጠመዳል። ትናንት ሞፈርና ቀንበር የጐተተው እንስሳ በበዓሉ ዕለት ታጥቦ፥ ግላስ ለብሶ፥ አንገቱን በዛጐልና በቀይ ክር አጊጦ ሲወጣ፥ ባለቤቱም ከእርሱ ጋራ የከበረ ይሆናል። በጥንት ዘመን የጥቂት ጌቶች የነበረውን ክብር ዛሬ ብዙዎች በገዛ ላባቸው አግኝተውታል።

ይሁን እንጂ ይህ ሀብት በመጽሐፍ ተጽፎ የሚቀመጥ፥ በሣጥንም ተቈልፎ የሚጠበቅ አይደለም። መኪና መንገዱን በወሰደበት፥ የግጦሽ መሬት በጠበበበት ዘመን ፈረስ ማሳደር ወጪ ነው። ፈረሱ ከደጅ ከጠፋ ኮርቻ ሠሪው ሥራውን ይተዋል፤ ልጅም ጋሻን ወደ ጀርባ ማዞርን ከማን ይማራል? ስለዚህ ለበዓል ብሎ ፈረሱን የሚቀልበውን ሰው ሥራ ፈት ወይም ገንዘብ አባካኝ ብሎ የሚነቅፍ፥ የሚያየው የገብሱን ወጪ ብቻ ነው። ጦርነት ያስተማረውን ጥበብ ያለ ጦርነት፥ ያለ ደም፥ በፍቅር ብቻ ማቈየት ከቶ ትንሽ ነገር አይደለም። ፈረስ ያለው አባት ልጁን በኮርቻ ላይ ያስቀምጠው፤ መውደቅንና መነሣትንም በለጋ ዕድሜው ያስለምደው።