ከመዝገቡ የጠፉት

በሽተኛን አንድ ጊዜ መመርመርና ለዓመታት መከታተል እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው። አንድ ሕመምተኛ በየጊዜው ደሙን ሲሰጥ የዛሬው ውጤቱ ከቀድሞው ጋር የተቆራኘ ነው፤ ስለዚህ አሥር ጊዜ የተለካ አንድ ሰው እንደ አሥር ሰዎች ሊቆጠር አይገባውም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ናን ሌርድና ጄምስ ዌር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ችግር ሁነኛ ዘዴ አቀረቡ፤ ይኸውም ለሕዝቡ በጠቅላላ አንድ የጋራ መስመር ማስመርና እያንዳንዱ ሰው ከዚያ የሚለይበትን የራሱን መነሻና አካሄድ ማስላት ነው። አንዳንድ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው እንኳ በተገኘው ልኬት መጠን በስሌቱ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ዳሩ ግን ሰው ከቀጠሮው ለምን ይቀራል? ዘዴው የሚሠራው የመቅረቱ ምክንያት ቀድሞ በተመዘገበው መረጃ ሊገለጽ ሲችል ነው፤ ይህን ልዩነት ዶናልድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1976 ለይቶ አሳይቶት ነበር። ሰውየው የቀረው ሞቶ ከሆነና ሞቱን የመዘገበው ከሌለ በመዝገቡ የሚቀሩት ብርቱዎቹ ብቻ ይሆናሉ። ክሊኒኩም ባልሠራው ሥራ ይመሰገናል።

የነገሩ ክብደት ጎልቶ የታየው በዚሁ በእኛ ክፍለ ዓለም ነው። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ በምባራራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ባለው ጊዜ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከጀመሩት 3,628 ሕሙማን መካከል 829ኙ ዱካቸው ጠፋ። ሁሉንም ፈልጎ ለማግኘት አቅም አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ግን 128 ሰዎችን በናሙናነት መርጠው በየመንደሩ ፈላጊ ላኩ። የ111ዱ ሁኔታ ታወቀ፤ ከእነርሱም 32ቱ ሞተዋል።

ከ128ቱ እያንዳንዱ ከስድስት በላይ የጠፉ ሰዎችን ስለሚወክል፣ የተገኘው ሁሉ በዚያው ሚዛን ወደ ስሌቱ ሲገባ የሞቱ መጠን መዝገቡ ብቻውን ይናገር ከነበረው እጅግ ከፍ አለ። በእኔ አስተያየት ይህን እርማት ያመጣው ከቀመሩ ይልቅ የፈላጊዎቹ እግር ነው። በሕይወት ከተገኙት መካከልም በሌላ ጤና ተቋም ሕክምናቸውን የቀጠሉ ነበሩ። ለምን እንደ ቀሩ ሲጠየቁ ከተሰጡት መልሶች ግንባር ቀደሙ የመጓጓዣና የገንዘብ እጦት ነበር፤ የሥራና የልጆች ኃላፊነትም ተከትሎ ተጠቅሷል።